የቋት ልክ

ከቱሉ ዲምቱ ጫፍ፣ ኮንዶሚኒየሙን አልፎ፣
ስም የሌለው ቤት አለ፣ ሽቦ አጥሩን ታቅፎ።
መስኮት የለውም፤ ሌሊት ሌሊት ያንኮራፋል፤
የባንኩ ትልቅ ማሽን እዚያ ውስጥ ያድራል።
ጠባቂው እኔ ነኝ፣ ጠመንጃ የሌለኝ፣
ቁጥር ብቻ ይዤ እንቅልፍ የማይወስደኝ።

«ምንድን ነው ሥራህ?» ሲለኝ ጎረቤቴ፣
እስከ ዛሬ መልስ የለኝ፤ ይያዛል አንደበቴ።
እንዴት ብዬ ልንገረው? ከጎሬ መልእክት ሲመጣ፣
ካርዱን ያስገባው መምህር ብሩ እስኪወጣ፣
ቃሉ የሚያርፍበት አንድ ዕቃ ይፈልጋል፤
ዕቃ ካለ ይገባል፣ ዕቃ ከሌለ ይቆማል።
የዕቃው ስም ባፈር ነው፤ የተደረደረበት፣ ቋት፤
ልኩን መወሰን ነው የኔ እንጀራ፣ የኔ ሌሊት።
ቢያንስ ሰልፉ ይጎተታል፣ ማሽኑ «ቀስ በሉ» ይላል፤
ቢበዛ ባዶው ዕቃ የሰው ቦታ ይይዛል፣
ሌላው ሥራ ደጅ ይጠናል።

የደመወዝ ማግስት ነበር፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት፤
ቋቱ እንደ ወናፍ ሲነፋ፣ ሲጨማደድ አየሁት፤
አሥራ ሰባት ጊዜ ሰፋ፣
አሥራ ሰባት ጊዜ ጠበበ። ትርፉ ልፋት።
አለቃዬ ደወለች፣ ወይዘሪት ትርሲት።
«አማካዩ ስንት ነው?» «ሁለት መቶ ስልሳ» አልኳት።
«ሦስት መቶ አድርገዋ! ይኼ ምን ያስጨንቃል?»
እሺ አልኩ። ከእሺ በኋላ ግን እንቅልፍ ይርቃል።

እሑድ እድሩ ተሰበሰበ፣ ከቆርቆሮው ጥላ፤
አዲስ ብሎክ ተጨምሯል፣ አባሉም ሞላ፤
ሳህን ስንት ይገዛ? አጀንዳው ይኼው ነው።
መቶ አለቃ ዘርጋው ተነሥቶ፣ «ሒሳቡን አይተነው፣
በአማካይ ለአንድ ለቅሶ ዘጠና ሳህን ይወጣል፤
መቶ ሃያ ካለን፣ ተርፎን ይቀመጣል።»

የዕቃ ቤቱ ሹም ጋሽ ቦንሳ፣ እስከዚያ ዝም ያለ፣
የቁልፉን ጥቅል አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጣለ።
«አማካይ የሚባል ለቅሶ በዕድሜዬ ዐይቼ አላውቅም፤
ሞት ወረፋ አይዝም፣ ተራ አይጠብቅም።
በአምናው ክረምት፣ ትዝ ይላችኋል?
እነ ወርዶፋም ቤት፣ እነ ሽታዬም ቤት ባንድ ሌሊት ይለቀሳል፤
ሳህኑ እዚህ ታጥቦ ሳይደርቅ እዚያ ይጠራል፤
አስተዛዛኝ እጁን ታጥቦ፣ ቆሞ ይጠብቃል፤
ሰው ሲቆም ደግሞ ሐዘኑ ቀርቶ ሐሜቱ ይጀምራል።

«የማይመልስም አለ። ስም አልጠራም፤
ሰባት ሳህን ወስዶ ስድስት የሚያመጣ አይጠፋም።
ዕቃ ሲጎድል፣ ‹ቋቱ ጠቧል› ትላላችሁ፤
ሳትገዙ በፊት፣ ያልመለሰውን ጠይቁልኝ፣ እባካችሁ!»

ሰዉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ በጣቴ ቆጠርኩ፤
ማታ ማሽኑ ዘንድ ገብቼ የሦስት ወር መዝገብ አነበብኩ።
አማካዩን ተውኩት፤ የጭንቁን ቀን ፈለግሁት፦
ስድስት መቶ አርባ፣ መስከረም ሠላሳ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት።
ለሁለት ለቅሶ የሚሆን ትርፍ አከልኩበት።
ሲጎድል ይስፋ፤ ሲሰፋም በመቶ፣ ከልቡ፣
ጎረቤቴን አይቻለሁ፣ በየክረምቱ አንዲት ክፍል ከግድግዳው ሥር እየለጠፈ፣
ዛሬ ጣራው በሦስት ቦታ ያፈሳል።
ያልመለሰውንም አገኘሁት፤ አንድ አሮጌ ፕሮግራም፣
ሰባት ወስዶ ስድስት የሚመልስ።
ስሙን እዚህ አልጠራም።

የጥቅምት ደመወዝ ወጣ። መስመሩ ሽቅብ ወጣ፤
ስድስት መቶ ሰባ ደረሰ፤
ቆመ። ወረደ።
ስልክም አልጮኸ፣ ማንም አልመጣ።
ወይዘሪት ትርሲት እስከ ዛሬ፣ «ያ ሁሉ ባዶ ዕቃ ለምን?» ትላለች።

ሲነጋ ወደ ቤቴ ስሄድ፣ ድንኳን ፈርሶ አየሁ፤
ጋሽ ቦንሳ ሳህን ያጥባል፤ አጠገቡ ቆምኩ።
«ሌሊት ሌሊት ትጠፋለህ፤ ለመሆኑ ሥራህ ምንድን ነው?»
«ሳህን ቆጣሪ ነኝ» አልኩት።
ቀና ብሎ አየኝ፤ አልጠየቀም፣ አልሳቀም፤
የራሰ ሳህን አቀበለኝ፣
«እንግዲያው ያዝ፤ አድርቅ።»